ክሬምና ጥቁር ሰማያዊ፦ ሁለት የሳሎን ቀለሞች በደብረ ማርቆስ ብርሃን ሲመዘኑ

የሳሎን ቀለም የሚመርጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ፀሐይ በሞላበት የጥቅምት ወይም የኅዳር ቀን፣ በቀለም መሸጫ ሱቅ በረንዳ ላይ ቆሞ ነው። በእጁ የያዘው የናሙና ካርድ ከሁለት ጣት ስፋት ብዙም አይበልጥም፤ የሚያየውም በገላጣ የቀን ብርሃን ነው። ቀለሙ ግን ዘመኑን የሚያሳልፈው ቤት ውስጥ ነው፦ በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ደመናው ሲከብድ፣ ማታ አምፖል ሲበራ፣ ቤተሰቡ ቡና ከቦ ሲቀመጥ። ስለዚህ ሁለት ቀለሞችን በአንድ ክፍል ውስጥ ለማወዳደር ስነሣ ከሁሉ አስቀድሜ የያዝሁት ጥያቄ የትኛው ያምራል የሚለው አልነበረም። ብርሃን ሲጎድል የትኛው ምን ይሆናል የሚለው ነበር፤ በዚህ አገር ከዓመቱ ሲሶው ያህል ክረምት፣ ከቀኑ ደግሞ ግማሹ ሌሊት ነውና።

የተወዳደሩት ክሬምና ጥቁር ሰማያዊ ናቸው። ክሬም የምለው ቢጫ ጥቂት የነካው ነጭ ሲሆን በጎጃም ከተሞች ለረጅም ጊዜ የተለመደ የሳሎን ቀለም ነው። ጥቁር ሰማያዊው ደግሞ በስልክ በሚታዩ የቤት ውስጥ ፎቶግራፎች ምክንያት አዲስ ጎጆ የሚወጡ ወጣቶች አጥብቀው የሚጠይቁት ነው። ሁለቱም ከአንድ ፋብሪካ የወጡ፣ ሁለቱም በውሃ የሚቀጥኑ የማያብለጨልጩ የፕላስቲክ ቀለሞች ናቸው፤ የተቀቡትም በአንድ ቀለም ቀቢ እጅ፣ በስቱኮ በተስተካከለ የብሎኬት ግድግዳ ላይ ነው። ክፍሉ 4 ሜትር በ4 ሜትር፣ ቁመቱ እስከ ኮርኒሱ 2.80 ሜትር ነው። መስኮቱ በምሥራቅ በኩል ስለሆነ የሰሜኑና የደቡቡ ግድግዳ ብርሃኑን ከጎን፣ በእኩል ርቀት ይቀበላሉ። የሰሜኑን ክሬም፣ የደቡቡን ጥቁር ሰማያዊ አደረግን፤ የቀሩት ሁለቱ ነጭ እንደ ሆኑ ቆዩ። ከዚህም ሌላ ሁለት ሰፋፊ የኮምፔርሳቶ ቁራጮችን በእነዚሁ ቀለሞች ቀብተን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ፣ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት እያዘዋወርን ተመለከትናቸው። ይህን የቁራጭ ነገር ቀለም ሊገዛ ላሰበ ሰው ሁሉ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ከናሙና ካርድ የማይገኘውን ነገር ሁሉ ያሳያል፣ ወጪውም ከትንሽ ቆርቆሮ ቀለም አይበልጥም።

ቁራጮቹ ያስፈለጉበት ምክንያት የአገራችን ፀሐይ አካሄድ ነው። ደብረ ማርቆስ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ከ10 ዲግሪ ጥቂት አለፍ ብላ ትገኛለች፤ ስለዚህ ከሚያዝያ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ትሆናለች፤ በቀረው የዓመቱ ክፍል ግን በደቡብ ነች። የማለዳዋም ፀሐይ እንዲሁ ናት። በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ምሥራቅ አዘንብላ ስለምትወጣ በምሥራቅ መስኮት የሚገባው ጨረር የሰሜኑን ግድግዳ ይመታል፤ በሰኔ ወደ ሰሜን ምሥራቅ አዘንብላ ስለምትወጣ የደቡቡን ይመታል። ቁራጮቹን ባናዘዋውር ኖሮ በአንዱ ወቅት ክሬሙ፣ በሌላው ሰማያዊው ያለ አግባብ ይወደስ ነበር። ከአውሮፓ የሚመጡ የቤት ማስዋቢያ ምክሮች «በሰሜን በኩል መስኮት ያለው ክፍል ቀዝቃዛ ነው፣ ሞቅ ያለ ቀለም ቀቡት» ይላሉ። ያ ምክር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ ለምትውልባቸው አገሮች የሚሠራ ነው፤ እዚህ ከመስኮቱ አቅጣጫ ይልቅ ክረምትና በጋው ይበልጥ ይለያያሉ። ከተማዋ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የበጋዋ ፀሐይ ኃይለኛ ናት፤ የክረምቱ ደመና ደግሞ ጠንቶ የሚውል ነው። በዓመት 1,300 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ትቀበላለች፤ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድ ነው።

በሁለቱ ቀለሞች መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት የሚለካው በሚመልሱት ብርሃን ነው። የቀለም ፋብሪካዎች ለእያንዳንዱ ቀለም ከ0 እስከ 100 የሚደርስ የብርሃን መመለሻ ቁጥር ይሰጡታል፤ 0 ብርሃንን ሁሉ የሚውጥ ጥቁር፣ 100 ሁሉን የሚመልስ ነጭ ነው። እንዲህ ያለው ክሬም 75 አካባቢ ይሆናል፤ ጥቁር ሰማያዊ ግን ከ10 በታች ነው። ልዩነቱን ለመረዳት ብርሃኑ በክፍሉ ውስጥ የሚያደርገውን ጉዞ መከተል ያስፈልጋል። ከመስኮት የገባ ብርሃን አንዱን ግድግዳ መትቶ አያበቃም፤ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ፣ ከግድግዳ ወደ ኮርኒስ እየተመላለሰ ነው ማዕዘኖችን የሚያደርሰው። ከ100 እጅ ብርሃን ክሬሙ 75ቱን ይመልሳል፤ ሁለተኛው የክሬም ግድግዳ ደግሞ ከዚያ 56 ያህሉን ያስተርፋል። ሰማያዊውን 8 ብንለው በመጀመሪያው ግድግዳ 8 እጅ፣ በሁለተኛው ከአንድ እጅ በታች ይቀራል። ብርሃኑ በሁለተኛው ግድግዳ ላይ አለቀ ማለት ነው። አራቱም ግድግዳ ጥቁር ሰማያዊ የሆነበት ክፍል በሐምሌ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ መስኮቱ አጠገብ ካልሆነ በቀር መጽሐፍ የማያስነብበው በዚህ ምክንያት ነው፤ በእኛም ክፍል አንዱ ግድግዳ ብቻ ሰማያዊ ሆኖ ሳለ በዚያ በኩል የተቀመጠ ሰው ጤፍ ለመልቀም ሰፌዱን ይዞ ወደ መስኮቱ ሲጠጋ ማየት የተለመደ ነበር።

ለጥቁር ሰማያዊው የሚገባውን ክብር ሳልሰጥ ማለፍ አልፈልግም። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ መብራት ሳይበራ በፊት ባለችው አጭር ጊዜ ይህ ቀለም እጅግ ያምራል። ብርሃን ሲቀንስ የሰው ዓይን ለቀይና ለቢጫ ያለው ስሜት ይደክማል፣ ለሰማያዊና ለአረንጓዴ ያለው ግን ይቆያል፤ ይህን ነገር የቼኩ ሊቅ ያን ፑርኪንየ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አስተውሎታል፣ በስሙም ይጠራል። በዚያች ሰዓት ክሬሙ ወደ ግራጫነት ሲወርድ፣ የምንጣፉም ቀይ ወደ ጥቁርነት ሲሸሽ ሰማያዊው ግድግዳ ከራሱ ብርሃን የሚያወጣ መስሎ ይታያል። ችግሩ እኛ ዘንድ ምሽት በፍጥነት መጨለሙ ነው። በሰሜን አውሮፓ በበጋ ድንግዝግዙ ሰዓታት ሲቆይ እዚህ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ይመሻል። ይህን ቀለም እዚያ ተወዳጅ ያደረገው ብርሃን ለእኛ የተሰጠን በጥቂቱ ነው።

መብራት ከበራ በኋላ ያለው ነገር በአምፖሉ ላይ ይንጠለጠላል፤ ብዙ ሰው የማያየው ቁጥርም በአምፖሉ ሣጥን ላይ ተጽፎ ይገኛል። 2,700 ወይም 3,000 ኬልቪን የሚል ከሆነ ብርሃኑ ወደ ቢጫ ያደላ ነው፤ 6,500 የሚል ከሆነ ነጭ፣ እንዲያውም ሰማያዊ የነካው ነው። በገበያ በብዛት የሚገኘው ሁለተኛው ነው። ክሬም በ6,500ው አምፖል ሥር ሙቀቱን ያጣል፣ ጠውልጎ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነገር ይታይበታል፤ በ2,700ው ሥር ግን ወርቃማ ሆኖ ክፍሉን ሁሉ ያሞቀዋል። ጥቁር ሰማያዊ ተቃራኒው ነው፤ በነጩ አምፖል ሰማያዊነቱን ይጠብቃል፣ በቢጫው አምፖል ግን የሚመልሰው ሰማያዊ ብርሃን ስለሚያጣ ጥቁር ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱን ቀለሞች በአንድ ዓይነት አምፖል ሥር ፊት ለፊት ማኖር አንዱን መበደል ነው። ክሬም የቀባ ሰው ቢጫውን አምፖል ፈልጎ ይግዛ፤ የሚጨምረው ውበት ሌላ ጋሎን ቀለም ከሚጨምረው ይበልጣል። ጥቁር ሰማያዊ የቀባ ሰው ግን ከኮርኒሱ መሐል ባለው በአንድ አምፖል ብቻ ሊኖር እንደማይችል አውቆ ለተጨማሪ መብራትና ለገመዱ ወጪ ይዘጋጅ፤ ምሽቱን ሙሉ የሚበራ መብራት በየወሩ ሒሳብ ላይ የሚቆጠር ነው።

አሁን ወደ ዕቃው ልምጣ፤ የጎጃም ሳሎን ባዶ ግድግዳ አይደለምና። ግድግዳው ከኋላው ሆኖ የሚያሳያቸው ነገሮች አሉ፦ መሶቡና የተሰቀለው ሰፌድ፣ ሥዕለ አድኅኖው፣ የሠርግና የምርቃት ፎቶግራፉ፣ ነጠላና ጋቢ የለበሰው ሰው ራሱ፣ በበዓል ቀን ደግሞ ወለሉ ላይ የተጎዘጎዘው ቄጠማ። አንድ ቀለም ብቻውን የሚታይበት ጊዜ የለም፤ ጎረቤቱ ሁልጊዜ ይለውጠዋል። ይህን በሥርዓት ያጠናው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ዩጂን ሸቭረል ነበር። በፓሪስ በታዋቂው የጎብለን የምንጣፍ መሥሪያ ቤት የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሳለ ጥቁሩ ክር በቂ ጥቁረት የለውም የሚል ቅሬታ ቀረበለት፤ ሲመረምረው ጉድለቱ በማቅለሚያው አልነበረም፤ ጥቁሩ ከሰማያዊና ከወይን ጠጅ ክሮች ጎን ተሸምኖ ስለነበር ነው የደበዘዘው። ያገኘውንም እ.ኤ.አ. በ1839 አሳተመ። ያ ግኝት በእኛ ሳሎን እንዲህ ይነበባል፦ ብርቱካናማና ቢጫ አክርማ የበዛበት ሰፌድ ጥቁር ሰማያዊ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ቀለሙ ይደምቃል፣ ከሩቅ ይጣራል፤ ክሬም ላይ ሲሰቀል ጨዋ ሆኖ ይቀመጣል። ነጭ ጋቢ የለበሱ አባት ከሰማያዊው ፊት ሲቀመጡ ነጩ ያበራል፤ ጥለቱም ተለይቶ ይታያል። ከክሬሙ ፊት ግን አዲስ የታጠበው ነጭ ጋቢ ግድግዳውን የቆሸሸ ያስመስለዋል፤ ይህ የክሬም እውነተኛ ጉድለት ነውና መደበቅ የለበትም። በወርቅማ ክፈፍ ያለ ሥዕልም ከሰማያዊው ጋር የሚስማማውን ያህል ከክሬም ጋር አይስማማም። የቡናማ ቁም ሣጥንና የባህር ዛፍ በር ግን ከክሬም ጋር ነው ሰላም የሚሆኑት፤ ሰማያዊው አጠገብ ደብዝዘው ይጠፋሉ።

ጥቁርና ጠንካራ ቀለም ለአገራችን ባዕድ ነው የሚል ሰው ካለ በዘጌ ያለውን የዑራ ኪዳነ ምሕረትን መቅደስ ግድግዳ ይመልከት። ቀዩ፣ ቢጫው፣ ሰማያዊው፣ አረንጓዴው ያለ ስስት ተዘርግቶ በደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ይታያል። ነገር ግን እዚያ ጨለማውን የሚያሸንፉት በመደቡ የተዘረጋው ቢጫና የቅዱሳኑ ብሩህ ፊት ናቸው፤ ጠንካራው ቀለም ብቻውን አልተተወም። ለሳሎንም የሚሠራው ይኸው ነው፤ ሰማያዊው የሚያምረው ብሩህ ነገር ሲደገፍበት ብቻ ነው።

የግድግዳው ጤንነት ቀለም ከመምረጥ የሚቀድም ጉዳይ ሲሆን ሁለቱ ቀለሞች እጅግ የሚለያዩበትም ነው። ክሬም ይቅር ባይ ቀለም ነው። ስቱኮው በሚገባ ያልተሞረደበት፣ የብርጭቆ ወረቀቱ የዘለለው፣ የሩሎው ዱካ የቀረበት ቦታ ሁሉ በክሬም ሥር ይሸሸጋል። ጥቁር ሰማያዊ ግን የማለዳ ጨረር ከጎን ሲመታው እያንዳንዱን ጉብታና ጭረት ያወጣዋል፤ ሥራውን የሠራው ቀለም ቀቢ ለክሬሙ ግድግዳ ከሚያደርገው የማለስለስ ሥራ በእጥፍ ለሰማያዊው እንደሚያደርግ አስቀድሞ የነገረን ለዚህ ነበር፤ ዋጋውንም በዚያው ልክ ለየ፤ አግባብ ነበረው።

ከሁሉ የከፋው ጨው ነው። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ሲደርቅ በውስጡ ያለውን እርጥበትና የሟሟ ጨው ወደ ገጽ ያወጣል፤ ቢያንስ 4 ሳምንት ሳይደርቅ የተቀባ ግድግዳ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይወጣል። በክሬም ላይ ቢወጣ የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው፤ በጥቁር ሰማያዊ ላይ ቢወጣ ግን እንግዳ ሁሉ ያየዋል፤ በጨርቅ ቢጠረግም ይመለሳል። በክረምት ከመሠረቱ ወደ ላይ የሚሳብ እርጥበት ያለባቸው ቤቶች፣ በተለይም ዝናቡን የሚመልስ የጣሪያ ክፈፍና የውሃ መውረጃ የሌላቸው፣ በታችኛው የግድግዳ ክፍል በየዓመቱ ይህን ያያሉ። የጭቃ ቤት ያለው ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ማሰብ አለበት። ጭቃው ከዝናብ ወቅት ጋር ይሰፋል፣ በበጋ ይሸማቀቃል፤ ስለዚህ ጥቃቅን ስንጥቅ አይቀርለትም። ስንጥቁ በክሬም ላይ ጥላ የመሰለ ቀጭን መስመር ሲሆን በሰማያዊ ላይ ውስጡ ያለው ነጭ ጄሶ ወይም ስቱኮ አፍጥጦ ይታያል። ለጭቃ ቤት ጥቁር ሰማያዊ አልመክርም፤ በዚህ ጥርጥር የለኝም። የትኛውንም ቀለም ቢሆን መቀባት የሚሻለው ከጥቅምት በኋላ ግድግዳው ከክረምቱ ሲያገግም ነው።

በብዛትና በወጪ ረገድ ስሌቱ አጭር ነው። የክፍላችን አራት ግድግዳ 44.8 ካሬ ሜትር ነው፤ በርና መስኮቱ ሲቀነስ 40 ያህል ይቀራል። አንድ ሊትር የፕላስቲክ ቀለም በተስተካከለ ግድግዳ ላይ 10 ካሬ ሜትር ያህል አንድ ጊዜ ይሸፍናል። ክሬም በነጭ ግድግዳ ላይ ሁለት ጊዜ ቢቀባ ይበቃዋልና 8 ሊትር ነው። ጥቁር ሰማያዊ ሁለት ጊዜ ተቀብቶ ሩሎው የሳሳበት ቦታ ስለሚታይ ሦስተኛ ያስፈልገዋል፤ 12 ሊትር ማለት ነው። በነጭ ላይ በቀጥታ ከመቀባት አስቀድሞ አንድ ጊዜ በግራጫ ማሰናዳት ሰማያዊውን ይቆጥባል። ከዚህም በላይ ጥቁር ሰማያዊ የሚወስደው ማቅለሚያ ብዙ ስለሆነ በየሱቁ ዋጋው ከፍ ይላል። ቀለሙ በእጅ የሚቀላቀልበት ሱቅ ከሆነ የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አስበጥብጦ መግዛት ይገባል፤ በሁለተኛው ቀን የሚበጠበጠው ከመጀመሪያው ጋር ልክ አይመጣም፣ ልዩነቱም በክሬም ላይ ጥቂት፣ በሰማያዊ ላይ ጎልቶ ይታያል። ስለ መድከምና መልቀቅ ግን ለሁለቱም መፍራት አያስፈልግም። የክሬሙ ቢጫነት አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከብረት ኦክሳይድ ነው፤ የአገራችንን ቀይ አፈር የሚያቀላውም የዚሁ ወገን የሆነ ማዕድን ነው፤ ፀሐይ አያደክመውም። በሰማያዊው ውስጥ በብዛት የሚገባው ፍታሎሲያኒንም እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ፣ በብርሃን የማይለቅ ማቅለሚያ ነው።

ቆሻሻ ሁለቱንም ይይዛቸዋል፤ የሚይዛቸው ግን በተለያየ መንገድ ነው። ክሬም በልጆች እጅ ከፍታ ይጠቁራል፤ በክረምት ከእግርና ከጫማ የሚረጨው ጭቃ ከዞኮሎው በላይ ይታይበታል፤ የከሰሉና የዕጣኑ ጭስ ከዓመታት በኋላ ከኮርኒሱ ሥር ያለውን ጫፍ ያበልዘዋል። ጥቁር ሰማያዊ የእጅ ቆሻሻን ይሸከማል፤ የበጋ አቧራ ግን ያጋልጠዋል፤ የወንበር ጀርባ ወይም ቁም ሣጥን የነካው ቦታም የሚያብለጨልጭ ዱካ ይሆንበታል። ዱካውን በእርጥብ ጨርቅ ማሸት ደግሞ ያባብሰዋል፤ የማያብለጨልጭ ጥቁር ቀለም ሲታሽ ይወለወላልና። በዚያች ቦታ ላይ ብቻ እንደ ገና መቀባትም አይሆንም፤ አዲሱ ጠብታ ተለይቶ ስለሚታይ ግድግዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ መቀባት አለበት። ክሬምን ግን በትንሽ ብሩሽ ነካ ነካ አድርጎ ማለፍ ይቻላል።

በዚህ ጊዜ ነው የቀድሞዎቹ ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎችና የመንግሥት ቢሮዎች ግድግዳ ትዝ የሚለኝ። ከታች እስከ ደረት ድረስ ጠቆር ያለ የዘይት ቀለም፣ ከዚያ በላይ ክሬም ወይም ነጭ ነበሩ፤ በሁለቱ መካከልም ቀጥ ያለ መስመር ነበር። ብዙ ሰው ይህን የቢሮ ነገር ነው ብሎ ይንቀዋል፤ እኔ ግን የሠሩት ሰዎች ብርሃኑንም ቆሻሻውንም አስበው እንደ ነበር አምናለሁ። ብርሃን ከመስኮት ገብቶ የሚመላለሰው በአብዛኛው በላይኛው የግድግዳ ክፍልና በኮርኒሱ ላይ ነው፤ እጅ፣ ጫማና ወንበር የሚነኩት ደግሞ የታችኛውን ነው። ሁለቱ ቀለሞች እንዲህ ሲከፋፈሉ እያንዳንዱ የሚበረታበትን ሥራ ይይዛል። በቁራጮቹ ሞክረነዋል፤ ሰማያዊውን ከወለሉ እስከ 1 ሜትር ብቻ አድርገን ከላይ ክሬሙ ሲቀጥል ክፍሉ በደመናማ ቀን እንኳ አልጨለመም፤ የተቀመጠ ሰው ጋቢም ሰማያዊው ፊት ስለዋለ ነጭነቱን አላጣም። ለዚህ አሠራር የታችኛውን ክፍል የሚታጠብ፣ ግማሽ የሚያብለጨልጭ ቀለም ማድረግ ይሻላል፤ የዘይት ቀለም ከተመረጠ ግን በአኳራጅ የሚቀጥን ስለሆነ ሽታው እስኪወጣ ለጥቂት ቀናት መስኮት ከፍቶ መክረም ግድ ነው። መስመሩ ከመስኮቱ የታችኛው ጠርዝ ጋር እኩል ቢሆን ለዓይን ይቀናል፤ ከዚያ ከፍ ካለ ክፍሉን ያሳጥረዋል።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። አንድ መስኮት ብቻ ላለው የደብረ ማርቆስ፣ የፍኖተ ሰላም ወይም የዳንግላ ሳሎን፣ ለአራቱም ግድግዳ አንድ ቀለም መምረጥ ከተገደድሁ ያለ ማመንታት ክሬምን እመርጣለሁ፤ ደመናውን የሚቋቋም፣ የግድግዳን ጉድለት የሚሸፍን፣ ሲበላሽም በቀላሉ የሚጠገን እርሱ ነው። ጋቢው አጠገብ መደብዘዙን ቢጫው አምፖል ማታ ማታ ያቃልለዋል፤ ቀን ቀን ግን መታገሥ ነው። ጥቁር ሰማያዊን ለአራቱም ግድግዳ የሚሆን ቀለም አድርጌ አልቆጥረውም፤ ፎቶግራፎቹ የተነሡባቸው ቤቶች ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት ያላቸው ናቸውና ለእኛ ክፍል ምስክር አይሆኑም። ለመኝታ ቤት ግን ነገሩ ይለያል። በዚያ ክፍል የምንቆየው በሌሊት ነው፤ ማለዳ የሚያባንን ብርሃን ባይመላለስበት ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም፤ ከአልጋው ራስጌ በስተ ኋላ ያለውን አንዱን ግድግዳ ጥቁር ሰማያዊ አድርጎ የቀሩትን ሦስቱን ክሬም ማድረግ ሁለቱንም ቀለሞች በየማዕርጋቸው ያኖራቸዋል። ሳሎን ውስጥ የግድ ይሁን ለሚል ሰውም ቦታው ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ነው፤ ብርሃኑ በቀጥታ ስለሚደርሰው ሰማያዊነቱ ይታያል፣ ከጎን የሚመታ ጨረርም ስለሌለበት የስቱኮውን ጉድለት አያወጣም። በእኛ ክፍል ልክ እንዲህ ያለው ግድግዳ 11 ካሬ ሜትር ጥቂት የሚያልፍ ስለሆነ ሦስት ጊዜ ሲቀባ 3 ሊትር ተኩል ያህል ይወስዳል፤ ባለ 4 ሊትር ጋሎን ይበቃዋል፣ የሚተርፈውም በደንብ ተከድኖ ለበሩ ዙሪያ ጥገና ይቀመጣል።